ኦቾሎኒ ገበሬውና የስቶክዌሏ ሊቀ መንበር

ተሸነፍኩ እንጂ አልሞትኩ። ይኼን ለማን እንደምትናገረው ሸዋረጋ ራሷም አታውቅም። ከሌሊት ሺፍቷ ተመልሳ፣ መጋረጃውን ግጥም አድርጋ ዘግታ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ስባ ከተጋደመች ቆይታለች፤ የቀን እንቅልፍ ግን ሲጠሩት የማይሰማ፣ ሲተዉት የሚመጣ ባለጌ ነው፤ ማታ ኬር ሆሙ ውስጥ፣ አረጋውያን መጦሪያው፣ ሽማግሌ ስታገላብጥ ይመጣባታል እንጂ አሁን አይመጣም። የለንደኗ ስቶክዌል ደግሞ ከሰዓት በኋላ ዝም ብላ አታውቅም። ከላይኛው ፎቅ ያሉት ፖርቱጋሎች ወንበር ይጎትታሉ፣ ታች መንገዱ ላይ አውቶቡስ ቆሞ እንደ ደከመው በሬ ይተነፍሳል፣ ከእግሯ በኩል ያለው ቴሌቪዥን ድምፁ ተቀንሶ ብቻውን ያወራል። ዋሽንግተን ላይ ሰው እየተሸኘ ነው። ጂሚ ካርተር ነው፤ መቶ ዓመት ሞልቶት የሞተው፣ ኦቾሎኒ ገበሬው፣ እሷ ልጅ በነበረችበት ዘመን አሜሪካን ያስተዳደረው፣ አራት ዓመት ገዝቶ በምርጫ የወረደው። ሣጥኑ ባንዲራ ለብሶ ካቴድራሉ መሐል ቆሟል፤ በሕይወት ያሉት ፕሬዚዳንቶች ሁሉ በተርታ ተቀምጠዋል፣ ዓይን ለዓይን መተያየት የማይፈልጉት ጭምር። ይኼን ሁሉ ሰው የሰበሰበው ተሸናፊ ነው፣ አለች ሸዋረጋ ለጣሪያው። ሰማችሁ? ተሸናፊ!

እሷም ወርዳለች። እሁድ ዕለት፣ የገና በዓል ሊደርስ ሲል፣ ሰው ሁሉ እጁን እያወጣ አወረዳት። የደቡብ ለንደን ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበር ነበረች፤ የማኅበሩ ስም ከአዳራሹ ይበልጣል። አዳራሹ ከባቡር ጣቢያው ብዙ የማይርቅ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ፊደል ይቆጥሩበታል፣ በሳምንቱ መሐል አሮጊቶች ምሳ ይበሉበታል፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ሰው ሲሞትበት እዚያ ተቀምጦ ይለቀስለታል፣ ከክሮይደን የኢሚግሬሽን ቀጠሮ የመጣበት ሁሉ የማያነበውን ወረቀት ይዞ እዚያ ይወርዳል። ቁልፉን ለዓመታት የያዘችው እሷ ናት። ሊቀ መንበር የሚለውን ቃል መጀመሪያ ሲሰጧት አልወደደችውም ነበር፤ በልጅነቷ ሊቀ መንበር ማለት አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ድምፁ በሬዲዮ ሲመጣ እናቷ ማማሰያዋን እንደያዘች ቀጥ የምትልለት። ሰብሳቢ በሉኝ አለች ያኔ። አይሆንም፣ ደንቡ ሊቀ መንበር ነው የሚለው አሏት። እንግዲህ ሊቀ መንበር ሆና ኖረች፤ አሁን ደግሞ የቀድሞ ሊቀ መንበር ናት፣ ቁልፉን ለቅዳሜ ማስረከብ ያለባት፣ ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ቁልፉ እዚያው ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ነው፣ ካፖርቷ በሩ ላይ ተሰቅሏል፣ እሷም ካፖርቱን እያየች ትገላበጣለች።

ያወረዳት እውነት ነው፤ ይኼን ማንም አያስተባብላትም። የሕንፃው ባለቤቶች የኪራይ ውሉን አናድስም አሉ። ለመነች፣ ጻፈች፣ ጠበቃ አማከረች፣ እምቢ አሉ። ስለዚህ እሁድ ዕለት፣ ከምርጫው በፊት፣ አባላቱን ሰብስባ ነገረቻቸው፦ «ወገኖቼ፣ ከዚህ መውጣታችን ነው። የራሳችንን ቤት የምንገዛበት አቅም የለንም፤ አለን ብዬ አልዋሻችሁም። ቮክሶል ያለው ትምህርት ቤት አዳራሹን ቅዳሜና እሁድ ከሶማሌዎቹ ማኅበር ጋር ተጋሩት ብሎናል። ጠባብ ነው፣ ግን ሞቃት ነው፣ ይበቃናል።» ሰው ሁሉ እንደ ሐዘን ቤት አቀረቀረ። ያኔ ቃልኪዳን ተነሣ። ቃልኪዳን አርባ ዓመት የሞላው አይመስልም፣ ዌምብሊ ላይ ለቤት መግዣ ብድር የሚያዋውል የሞርጌጅ ቢሮ አለው፣ ሱፉ ከገላው ጋር የተሰፋ ነው፣ ሲናገርም እጁ አየር ላይ ሕንፃ ይሠራል። «ለምንድን ነው የምንጋራው? እኛ ለማኝ ነን? ክሮይደን ላይ ሕንፃ አይቻለሁ! የራሳችን፣ ሦስት ፎቅ፣ ስማችን በወርቅ ቀለም የሚጻፍበት!» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ያቺ እርጅና የሰበራት እትዬ ሐረገወይን እንኳ፣ ሸዋረጋ በየሳምንቱ ሐኪም ቤት የምትወስዳት፣ እልል አለች። ምን ታድርግ? ሦስት ፎቅ እያለ ጠባብና ሞቃት ማን ይመርጣል፤ እጅ ሲቆጠር ሊቀ መንበርነቱ ለቃልኪዳን ሆነ።

ቴሌቪዥኑ ላይ የድሮ ፊልም ያሳያሉ፤ ካርተር ሹራብ ለብሶ እሳት ዳር ተቀምጧል። ፕሬዚዳንት በሆነ በሳምንታት ውስጥ ነው፤ ነዳጅ ተወዷል፣ ክረምቱ ከፍቷል፣ ሰውየው በሹራብ ወጥቶ ማሞቂያችሁን ቀንሱ ይላል። አሜሪካን የሚያህል አገር፣ ማሞቂያ ቀንሱ! ኋላም መንፈሳችን ታሟል፣ የምንገዛው ዕቃ ልባችንን አልሞላውም አላቸው። የሰንበት ስብከት እንጂ የምርጫ ንግግር አይደለም። ያኛው ተፎካካሪው ደግሞ ፈገግ ብሎ ወጣና ምንም አልሆናችሁም፣ ነገ ይበራል አላቸው፣ እነሱም ነገ ወዳለው ሄዱ። ቂል ነህ፣ ትለዋለች ሸዋረጋ በፊልሙ ውስጥ ላለው ሰው፣ ማን ሹራብ ልበሱ በል አለህ። ከዚያ ቂልነቱ የራሷም እንደሆነ ትዝ አላትና ብርድ ልብሱ ውስጥ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ተነሥታ ውኃ ጠጣች፣ ተመልሳ ተጋደመች።

ይኼን ሰው ጠልታው ነበር እኮ። አባቷ አቶ ብርሃኑ አዲስ አበባ የአሜሪካኖቹ የማስታወቂያ ቢሮ ሾፌር ነበሩ፤ መጽሐፍና የፊልም ሣጥን ጭነው ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይዞራሉ፣ አንዳንዴ የፊተኛው ወንበር ላይ እሷን ያስቀምጧታል፣ መኪናው የቤንዚንና የአዲስ ወረቀት ሽታ አለው፣ አሁንም ይሸታታል፣ እዚህ ስቶክዌል። ከዚያ ካርተር መጣ። በየካቲት ነው መሰላት፣ አስተዳደሩ ኢትዮጵያ ሰው ትገድላለችና የጦር እርዳታዋን እንቀንሳለን አለ፤ ሰብአዊ መብት የሚለውን ቃል ያን ጊዜ ነው የሰማችው፣ ከሬዲዮ። ደርግ ተቆጣ። ሚያዝያ ላይ የአሜሪካኖቹን ቢሮዎች በጥቂት ቀን ውስጥ ዝጉና ውጡ አላቸው፤ የአባቷ አለቃ ሚስተር ማን ነበር፣ ጺሙ ቀይ የሆነው፣ አባቷን አቅፎ «ያልፋል፣ እንመለሳለን» አለና ሄደ፤ አልተመለሰም። ቀበሌ ግን መጣ። አባቷ የሲ.አይ.ኤ. አሽከር ተብለው ክረምቱን ሙሉ ታሰሩ። ሲወጡ ግራ እግራቸው የሌላ ሰው እግር ይመስል ነበር፣ የማያውቁትን ሰው እንደሚመሩ ሁሉ በእጃቸው እያነሡ ያራምዱት ነበር። ካርተር ባይናገር ኖሮ አባቷ እየነዱ ይኖሩ ነበር። እንዲህ ነው ያሰበችው፣ ገና አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ፤ አሁንም አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ነው የምታስበው።

ማታ ማታ እናትና አባቷ ስለዚህ ሰው ይጣሉ ነበር፣ እንደ ቅርብ ዘመድ።

«ሰውየው እኔን አያውቀኝም» ይላሉ አባቷ። «ብርሃኑ የሚባል ሾፌር መኖሩን አልሰማም። ግን ሰው መግደል ነውር ነው ብሎ ባደባባይ ተናገረ። እዚህ ይኼን የሚል ጎረቤት እንኳ ጠፍቷል።»

«እሱ ተናገረ» ትላለች እናቷ፣ «የተገረፍከው አንተ!»

ሁለቱም ልክ ናቸው። ሸዋረጋ ይኼው ዕድሜዋ ስድሳን አልፎ፣ አገር ቀይራ፣ አሁንም ሁለቱም ልክ ናቸው። ካቴድራሉ ውስጥ ያሉት ግን የአባቷን ቃል ብቻ ነው የሚናገሩት፤ ሰላም ፈጣሪ፣ ግብፅንና እስራኤልን ያስታረቀ፣ ለስደተኛ በር የከፈተ፣ ትል የሚያወጣውን በሽታ እስከ ጋምቤላ ድረስ ያሳደደ። ደግ ነው፣ እውነት ነው። ግን የእናቴን ቃል ማን ይናገራል? አለች በሙሉ ድምጿ፣ ከላይ ፖርቱጋሎቹ ወንበር መጎተት እስኪያቆሙ። ለኢራኑ ንጉሥ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ጽዋ ያነሣው ማን ነው? በየመንገዱ ልጆቻችን ሲወድቁ ቃል ብቻ ሰጥቶን ፊቱን ያዞረው ማን ነው? ቅዱስ አታድርጉት። ቅዱስ ስታደርጉት ይጠፋብኛል፣ ልጣላው አልችልም። እኔ የማውቀው ሰው ተናግሮ ያስገረፈን፣ ባይናገር ደግሞ የምናፍርበት ሰው ነው። ይኼን አስገቡልኝ፣ አለች፤ ከዚያ ለቴሌቪዥን አቤቱታ ማቅረቧ ራሷን አስደነቃት። ብቻውን የሚኖር ሰው እንዲህ ነው፣ ጎረቤት ሲያጣ ፕሬዚዳንት ይጣላል።

ስልኩ ጮኸ። አስያ ናት፣ የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ብሪክስተን ገበያ ሻሽ የምትሸጠው፤ ከወሎ ናት፣ ስትናደድ አፏ አይያዝም።

«ተኝተሻል እንዴ?»

«ካርተርን እየቀበርኩ ነው።»

«ማንን?»

«ተይው። ምን ሆንሽ?»

«ቁልፉን እንዳትሰጪው። ወላሂ እንዳትሰጪው! ደንቡን ቼክ አድርጌዋለሁ። ስድስት ወር አባል ያልሆነ ሰው ድምፅ አይሰጥም ይላል። እነዚያ ከዌምብሊ በሚኒባስ ያመጣቸው ሰዎች እሁድ ዕለት እዚያው በር ላይ ነው የተመዘገቡት። ማኅበራትን ለሚቆጣጠረው ቻሪቲ ኮሚሽን አቤት ብንል ምርጫው ይሰረዛል። እነሱ ከወጡ አንቺ ነሽ ያሸነፍሽው!»

ሸዋረጋ ቀና ብላ ተቀመጠች። እግሯ ወለሉን ነካ፣ ቀዝቃዛ ነው። ያሸነፍሽው አንቺ ነሽ የሚለው ቃል እንደ ትኩስ ነገር ደረቷ ውስጥ ወረደ፤ አልዋሸችም፣ ደስ አላት። ቃልኪዳን ከመድረክ ሲወርድ አየችው፣ ሱፉ ሲጨማደድ፣ እትዬ ሐረገወይን እልልታዋን ስትውጠው።

«እነዚያን ሰዎች በር ላይ የመዘገባቸው ማን ነው፣ አስያ?»

ሸዋረጋ መልሷን አልጠበቀችም።

«እኔ ነኝ። አንቺ ደንቡ አይፈቅድም እያልሽ እጄን ስትይዢ፣ በዚህ ዝናብ የመጣ ሰው ደጅ አይቆምም፣ ይግባና ድምፁን ይስጥ ያልኩት እኔ ነኝ። በማይክ ነው ያልኩት።»

«ማን ያስታውሳል?»

«እኔ አስታውሳለሁ።»

«ሸዋዬ፣ ያኔ የምታሸንፊ መስሎሽ ነበራ!»

«አዎ፤ መስሎኝ ነበር። አሸንፋለሁ ስል የተውኩት ደንብ ስሸነፍ ሊሠራ ነው?»

«ልጁ ውሸታም ነው። ሕንፃ የለውም። ቤታችንን ያፈርሰዋል፣ አንቺ ደግሞ በክብር ታስረክቢዋለሽ፤ ከዚያ ቮክሶሉንም እናጣለን፣ ሐረገወይን የት ሄዳ ምሳ ትበላለች? ክብርሽን ነው ወይስ ሰዉን ነው የምትወጂው?» ብላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

ይኼኛው ገባ። ይኼኛው እንደ እሾህ ገብቶ ተቀመጠ፤ ምክንያቱም አስያ ልክ ናት፣ ልክ የሆነ ሰው ሲዘጋብሽ ደግሞ ተመልሰሽ አትደውዪም። ሸዋረጋ ክፍሏን ከመስኮት እስከ በር ተመላለሰችበት። ቁልፉን ብታስቀረው ማንም በግድ አይወስድባትም። ጠበቃ ይገባል፣ ወራት ይፈጃል፣ እስከዚያ ቮክሶል ገብተን እንገላገላለን። ለሰዉ ብዬ ነው እላለሁ። አዎ፣ ለሰዉ ብዬ። ማን ነበር ለሰፊው ሕዝብ ብዬ ነው ሲል የነበረው፣ በዚያ ሬዲዮ፣ እናቷ ማማሰያ ይዛ ቀጥ ያለችለት? ቆመች። በሩ ጋ ቆመች፣ እጇ ካፖርቱ ላይ ነበር። የሚገርመው ማንም ሰው ክፉ ልሁን ብሎ ቁልፍ አይዝም፤ ሁሉም ሐረገወይን የት ምሳ ትበላለች ብሎ ነው የሚጀምረው።

አዲስ አበባ ደወለች። ለመጽናናት ነው የደወለችው፣ ታናሽ እህቷ አልታየሽ ግን የምታጽናና ሰው ሆና አታውቅም። አልታየሽ የፒያሳው ቤታቸው ፈርሶ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብታለች፤ ከጀርባዋ ሊፍት የሌለው ደረጃ ላይ ሰው ጄሪካን ሲያወጣ ይሰማል።

«እትዬ፣ እውነት ነው ያወረዱሽ? ፌስቡክ ላይ አየሁት። አንዱ ‹ለውጥ መጣ› ብሎ ፎቶውን ለጥፏል፣ ባለ ሱፉ።»

«እውነት ነው። ቅዳሜ አስረክባለሁ።»

«ታስረክቢያለሽ? እዚህ ሰው ከሥልጣን የሚወርደው ወይ በሣጥን ወይ በአውሮፕላን ነው፤ ደግ ዘመን ከመጣ በደብዳቤ። አንቺን ምን ነካሽ?»

«ተሸነፍኩ እኮ፣ አልቱ።»

«ለዚያ ማኅበር ብለሽ አይደል እማዬን ያልቀበርሽው?»

ሸዋረጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ይኼን ነገር አልታየሽ እስከ ዛሬ ተናግራው አታውቅም። እናታቸው ባረፈችበት ሳምንት ለንደን ውስጥ አንድ እዚህ ዘመድ የሌለው ሰው ሞቶ ነበር፤ ሬሳውን ወደ አገር የሚልክለት ጠፍቶ ሸዋረጋ ከኤምባሲ ኤምባሲ፣ ከአየር መንገድ አየር መንገድ ስትል ሰነበተች። ሣጥኑ በበረረበት አውሮፕላን እሷ መሄድ ትችል ነበር። የሄደው ሣጥኑ ነው። የማታውቀው ሰው እናት ልጇን ቀበረች፤ እሷ እናቷን አልቀበረችም። ለማያውቁት ሰው እንዲህ ይደረጋል? እስከ ዛሬ መልሱን አታውቅም፤ ሲያስቡት ቀላል የሚመስል ነገር ሲያደርጉት እንዴት እንደሚከብድ ብቻ ነው የምታውቀው።

«ይኼን ሁሉ ከፍለሽበት» አለች አልታየሽ፣ አሁን ድምጿ ለስልሶ፣ «በነፃ ልትሰጪው?»

«ስለከፈልኩበት የኔ አይሆንም።»

ደረጃው ላይ ጄሪካን ወደቀ፣ ሰው ተሳደበ።

«አባባ ስለ ካርተር የሚለው ትዝ ይልሻል?» አለች ሸዋረጋ። «ዛሬ እየቀበሩት ነው።»

«እኔ ትዝ የሚለኝ እግሩ ነው» አለች አልታየሽ። ከዚያ፣ «ምሳ በልተሻል?» አለች።

«አልበላሁም።»

«ብዪ እንግዲህ። ተሸንፈሽም ብዪ።»

ቴሌቪዥኑን ድምፁን ከፍ አደረገችው። አንድ ሽበት የገባው ሰው ወደ መድረኩ ወጥቶ ወረቀት ያነባል። የፎርድ ልጅ ነው። ፎርድ ከካርተር በፊት የነበረው ፕሬዚዳንት፣ ካርተር ያሸነፈው፣ ከቤተ መንግሥት ያስወጣው ሰው ነው። እሱ ከሞተ ዓመታት ሆኖታል፤ ግን በሕይወቱ ሳለ ይኼን ስንብት ለካርተር ጽፎ አስቀምጦ ኖሯል። ሁለቱ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ባልንጀሮች ሆነው ነበር አሉ፤ ማን ቀድሞ ቢሞት ሌላው ሊናገርለት ቃል ተገባብተው ነበር። እንግዲህ የተሸነፈው ላሸነፈው ሰው ይናገራል፣ በልጁ አፍ፣ ከመቃብር። ሸዋረጋ ቆማ ሰማችው። አላለቀሰችም፤ ተናደደች። ለምን እንደተናደደች ለማወቅ ትንሽ ፈጀባት፤ ይኼ ነገር ለእነሱ ብቻ የተፈቀደ ይመስል፣ ቆንጆ ካቴድራል ላላቸው፣ ቤተ መንግሥት ላላቸው ብቻ! እኛስ? እኛ ስንሸነፍ ለምንድን ነው የግድ መሸሽ ወይም ማፍረስ ያለብን? አባቴ እግሩን ያጣው አገሩን የያዘው ቁልፍ የማይሰጥ ሰው ስለነበረ ነው። ሌላ ምንም አይደለም፣ ይኸው ነው። አሜሪካ አልነበረም፣ ካርተር አልነበረም። አንድ ሰው ቁልፍ አልሰጥም አለ።

ደግሞስ ሰውየው ሲሸነፍ ምን አደረገ? ኢራን ውስጥ የታገቱበትን ሰዎች ለማስፈታት የመጨረሻውን ሌሊት ሳይተኛ አደረ፤ ሥልጣኑን ባስረከበ በደቂቃዎች ውስጥ ተለቀቁ፤ ምስጋናው ለተተኪው ሆነ። በማግስቱ ተራ ሰው ሆኖ ጀርመን ድረስ በርሮ ተቀበላቸው። ከዚያ መንደሩ ገባ፣ ሁለት መኝታ ቤት ያላት የድሮ ቤቱ፤ የኦቾሎኒ ንግዱ ከስሮ ጠበቀው። ሌላው ሰው ይኼኔ ኩርፊያ ይጀምራል። እሱ ግን አልተኛላቸውም፤ ምርጫ ሲታዘብ፣ ሲሸመግል፣ ለድሃ ቤት ጣሪያ ሲመታ፣ ከእሱ በኋላ የመጡትን ፕሬዚዳንቶች ሁሉ ሲያስቸግር ኖረ። ማስረከብ ማለት መጥፋት ማለት አይደለም። ማን አለ? ማን አለኝ እኔን ዝም በዪ?

ሸዋረጋ እንቁላል ጠበሰች፣ ቆማ በላች። ለአስያ ደወለች፤ አስያ አላነሣችም። መልእክት ተወችላት፦ «ቅዳሜ ነይ። ከኋላ አትቀመጪ።» ከዚያ ተኛች፤ ሺፍቷ እስኪደርስ ድረስ እንደ ድንጋይ ተኛች።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። የቃልኪዳን ሰዎች ጠረጴዛውን በአበባ ሸፍነውታል፣ ትልቅ ኬክ አለ፣ በመስተዋት የተሸፈነ የምስክር ወረቀት አለ፣ ላዩ ላይ በወርቃማ ቀለም «የክብር እናት» ተብሏል። ቃልኪዳን ከመቀመጫዋ ድረስ መጥቶ ክንዷን ይዞ አወጣት፤ ክፉ ልጅ አይደለም።

«እትዬ ሸዋረጋ ለፍተውልናል» አለ በማይኩ። «ደክመዋል። እንግዲህ አረፍ ይበሉ፤ እኛ ልጆችዎ ቤትዎ ድረስ እየመጣን እንጠይቅዎታለን። ከዛሬ ጀምሮ የማኅበራችን የክብር እናት ነዎት።»

ጭብጨባ ሆነ። ሸዋረጋ ማይኩን አልተቀበለችውም፤ ድምጿ ያለ ማይክ ይበቃታል። ቁልፎቹን ከካፖርቷ ኪስ አወጣች።

«ይኼ የውጭው በር ነው። ይኼ የወጥ ቤቱ። ይኼ የማሞቂያው ክፍል ነው፤ በብርድ ጊዜ ይነክሳል፣ በትከሻህ ግፋው።» አንድ በአንድ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። «ያሸነፍከኝ በንጹሕ ነው። እሁድ በር ላይ የተመዘገቡትን ያስገባሁ እኔ ነኝ፤ ማንም ወደፊት ይኼን ምክንያት አድርጎ እንዳይመጣብህ፣ በሕዝብ ፊት እናገራለሁ።» ከፊት ረድፍ አስያ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቀለች፤ ግን መጥታለች። «የምስክር ወረቀቱን ግን መልሱት። እኔ የማንም የክብር እናት አይደለሁም፤ የአንተ እናት ዌምብሊ አሉ፣ ዕድሜ ይስጥልን። አልደከመኝም። ቤቴ ድረስ መምጣትም አያስፈልግም፤ እኔ እዚሁ ነኝ። አባል ነኝ።»

ያጨብጭብ አያጨብጭብ ሰዉ ግራ ገባው። ሸዋረጋ ከመድረኩ ወረደች። ፊት ለፊት ለእንግዶች የተዘጋጀውን ወንበር አልፋ ሄዳ ከእትዬ ሐረገወይንና ጁነይድ ከሚባለው የዌምብሊ አውቶቡስ ነጂ መሐል ክፍት ቦታ አገኘች። ጁነይድ እሁድ ዕለት በዝናብ በስብሶ መጥቶ ራሷ የመዘገበችው ነው፤ አሁን ከወንበሩ ሊነሣላት ሲል ትከሻውን ተጭና አስቀመጠችው። እትዬ ሐረገወይን እጇን ፈልጋ ያዘቻት፣ ዓይኗን ግን አላየቻትም።

«ስሚ ልጄ» አለች በሹክሹክታ፣ «እልል ያልኩት...»

«ደስ ሲልሽ ነዋ» አለቻት ሸዋረጋ። «ሦስት ፎቅ ለኔም ደስ ይለኛል።»

«እንግዲህ» አለ ቃልኪዳን ቁልፎቹን ኪሱ ከትቶ፣ ፊቱ ላይ የወረዛውን ላብ እየጠረገ፣ «ሌላ አጀንዳ ከሌለ ኬኩን ቆርሰን...»

ሸዋረጋ እጇን አወጣች።

«እትዬ... ዛሬ እንኳ የእርስዎ ቀን ነው፣ ዝም ብለን ብንደሰት...»

«ጥያቄ አለኝ። የክሮይደኑ ሕንፃ አድራሻው የት ነው? የሚሸጠውስ ማን ነው? እኛ ከዚህ የምንወጣበት ቀን ሳይደርስ ቁርጡን ንገረን፤ ካልሆነ ቮክሶሎቹን ዛሬውኑ እሺ እንበላቸው። ቦታውን ለሌላ ሊሰጡት ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው «ተይ እንጂ» አለ፤ ሌላው «ለምን ትተወዋለች?» አለው። ቃልኪዳን ግራ ቀኙን አየ። አጠገቧ የተቀመጠው ጁነይድ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ቀስ ብሎ፣ እሱም እጁን አወጣ።

«እኔ አንተን ነው የመረጥኩት፣ ወንድሜ» አለ። «ግን እኔም ይኼኑ ልጠይቅህ ነበር።»

አስያ እጇን አወጣች። ከዚያ እዚያም እዚህም እጆች ተነሡ፣ እሁድ ዕለት እሷን ለማውረድ ከተነሡት መካከል ብዙዎቹ። ቃልኪዳን የኬኩን ቢላ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እሺ» አለ፣ ሕንፃ የሚሠሩት እጆቹ ጭኑ ላይ ወርደው፣ «እውነቱን ልንገራችሁ።» ሸዋረጋ እጇን አላወረደችም፤ የሚቀጥለው ጥያቄ ነበራት።